በአብላጫ ድምፅ ያላገባ

የቀበሌ ስብሰባ ምንም አይወስንም ይባላል። ውሸት ነው። እኔን ድሮኛል።

እንዲህ የሚሉት ስብሰባ ሄደው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ይህን የማውቀው እኔ ራሴ ከዋነኞቹ አንዱ ስለነበርኩ ነው። ዘመኑ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ሰው ሲወለድም፣ ሲሞትም፣ ስኳር ሲያምረውም ቀበሌ የሚሄድበት ጊዜ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ በአንዲት የቀበሌ ቤት ከመጻሕፍቶቼ ጋር ተጋፍቼ እኖራለሁ። ቀን ማተሚያ ቤት የሰው ስህተት አርማለሁ፤ ማታ የራሴን ስህተት ለጋዜጣ እጽፋለሁ። የምጽፈው ደግሞ፣ አትሳቁብኝና፣ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ነበር። የጥንት ግሪኮች አደባባይ ወጥተው እንዴት ድምፅ ይሰጡ እንደነበር በቃሌ አውቃለሁ፤ ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ የሆነው የቀበሌያችን አዳራሽ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ላገባት የነበረችው ሴት ሰናይት ትባላለች፤ የቂርቆስ ልጅ ናት፤ ኦሎምፒያ አንድ መነጽር ቤት ትሠራለች። ቤተሰቦቿ ከትግራይ የመጡ ስለሆኑ ስትናደድ ትግርኛ ትናገራለች። በጣም ስትናደድ ግን ወደ አማርኛ ትመለስና እያንዳንዱን ቃል ለየብቻው ቀስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ያን ሳምንት የሰማሁት ሁለተኛውን ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ለመፈራረም የያዝነውን ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አበላሽቼባታለሁ፤ አንዴ ቀኑን ረስቼ፣ አንዴ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ይዤ ሄጄ።

«ኃይሉ» አለችኝ። «አጎቴ ለምስክርነት ከመቀሌ ድረስ መጥቷል። ቀጠሯችን ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። የቀረው ያንተ ያላገባ ወረቀት ብቻ ነው።»

«አመጣለሁ።»

«እሁድ አመሻሽ ላይ በእጄ ካልያዝኩት ዕድሜ ልክህን ያላገባህ ትሆናለህ። ያኔ ወረቀትም አያስፈልግህም።»

ያላገባ ወረቀት ማለት ሰውየው ሌላ ሚስት እንደሌለው ቀበሌ በማኅተም የሚመሰክርበት ወረቀት ነው። ዓርብ ዕለት ልወስድ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ሞላችልኝና ወደ እኔ ገፋችው።

«ማኅተሙስ?» አልኳት።

«ማኅተሙ አቶ በዛብህ ኪስ ውስጥ ነው።»

«ሊቀ መንበሩ? የት ናቸው?»

«ስብሰባ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«እሳቸው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይሄዳሉ እንጂ ከስብሰባ አይመለሱም። በቃ እሁድ አዳራሽ ይምጡ፤ ጠቅላላ ጉባኤ አለ።»

እሁድ ሄድኩ። ለሁለት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሊጀመር ሲል አቶ በዛብህን መድረኩ ሥር አገኘኋቸው። አጭር፣ ፈጣን ሰው ናቸው፤ በየደቂቃው የኮታቸውን የውስጥ ኪስ ይዳብሳሉ።

«አቶ በዛብህ፣ አንዲት ማኅተም ብቻ—»

«ከስብሰባው በኋላ።»

«አንድ ደቂቃ አትፈጅም።»

«አውቃለሁ። አንድ ደቂቃ ፈጅቼ ብመታልዎ በሁለተኛው ደቂቃ ይወጣሉ። እርስዎ ሲወጡ ሌላው ይከተላል፤ ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል። ይቀመጡ ጌታዬ።»

ዘወር ስል ዘበኛው ጋሽ ደምሴ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አጥልቆታል። ወረቀቴን ደረቴ ላይ ይዤ ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘነበች አጠገብ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነበች ጉሊት ሽንኩርትና ድንች የሚሸጡ፣ ከእኔ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሴት ናቸው። በዚያ ግድግዳ ስንት ነገር እንዳለፈ የገባኝ በኋላ ነው።

«አንተም ስብሰባ ትመጣለህ? ዓለም ሊያልፍ ነው» አሉኝ።

አጀንዳው ሦስት ነበር፤ የአካባቢ ፕላን፣ የንግድ ፈቃድ ክፍያና የኮሚቴ ምርጫ። ሦስት ነገር ለመወሰን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ግሪኮች ጦርነት ያወጁበትን ጊዜ አስቤ አንድ ሰዓት በቂ ነው አልኩ።

ፕላን የተባለው ሽንት ቤት ነው። የጋራው ሽንት ቤት ሞልቶ ግድግዳውም ተንዷል፤ ሰው ሆዱን ይዞ እስከ ሌላ መንደር ይሄዳል። አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት አዲስ ሊሠራልን ተስማምቷል። የሚቀረው ቦታውን ማሳየት ብቻ ነው። ሽንት ቤት ያስፈልጋል በሚለው ላይ አንድም ሰው አልተቃወመም። እጅ የወጣው የት ይሁን ሲባል ነው።

መጀመሪያ የተነሱት ባለሱቁ ጋሽ ከድር ናቸው። «ሽንት ቤት አስፈላጊ ነው» አሉ። «በጣም አስፈላጊ ነው። አስፈላጊ ነገር ደግሞ ጥሩ ቦታ ይገባዋል። የእኔ ሱቅ አጠገብ ያለው ቦታ ጥሩ አይደለም።»

ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ «ከእኔ በፊት የተናገሩት ጨርሰውታል» እያለ ጀምሮ ሩብ ሰዓት ተናገረ። አንዱ የነፋሱን አቅጣጫ በእጁ እያሳየ አስረዳ። አንዷ በሯ ላይ ጻድቅ ታይቶ እንደነበር ተናገረች። የመንደራችን ቦታ ሁሉ በየተራ ቅዱስ ሆነ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ገና ከነፋሱ አልወጣንም። ሰናይት ኦሎምፒያ በአሥራ አንድ ሰዓት ትጠብቀኛለች፤ ከፊታችን ደግሞ ሁለት አጀንዳ አለ። ወረቀቱ በላብ እየራሰብኝ ነው።

ተነሳሁ። ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር።

«ከእኔ በር ፊት ለፊት ይሁን!»

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ድምፅ ማጉያው ብቻ ያፏጫል።

«ኃይልዬ» አሉኝ እትዬ ዘነበች እጅጌዬን ጎትተው፣ «አሞሃል እንዴ?»

«የማን በር?» አሉ አቶ በዛብህ።

«የእኔ! ፊት ለፊት ባዶ ቦታ አለ። ይቆፈር። ጨርሰናል፤ ወደሚቀጥለው!»

ጭብጨባው ጣራውን አነቃነቀው። ጋሽ ከድር መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ፤ ሦስት ጊዜ። አቶ በዛብህ «የምንፈልገው ዜጋ ይህ ነው» ብለው በቃለ ጉባኤ አስጻፉት። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ሁለተኛው አጀንዳ የፈቃድ ክፍያ ነው። የሱቅና የጉሊት ክፍያ ከፍ ይበል የሚል ሐሳብ ከበላይ መጥቷል፤ ነዋሪው ተወያይቶ ይስማማ ተባለ። አሁን እጅ ያወጡት ጉሊት የሚቀመጡት ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም፣ በአንድ ጊዜ። ዕድሉ ለእትዬ ዘነበች ተሰጠ። እሳቸውም ስለ ሽንኩርታቸው ለመናገር አዲስ አበባ ከገቡበት ቀን ጀመሩ። ሩብ ሰዓት አልፎ ገና አውቶቡስ ተራ ላይ ናቸው፤ ሻንጣቸው ጠፍቶባቸዋል።

በልቤ አሰላሁ። ክፍያው ይጨምር ከተባለ በስንት ይጨምር የሚል ክርክር ይከተላል። ለማን፣ ከመቼ ጀምሮ የሚልም አለ። ባለበት ይቆይ ከተባለ ግን ምንም አይከተልም። ስለ ጉሊት ያሰብኩት ይህንኑ ያህል ነው፤ ለእግዜርም ለአንባቢም እናዘዛለሁ።

«ክፍያው ባለበት ይቆይ!» ብዬ ጮህኩ። «ባለበት የሚቆይን ነገር ለማቆየት መወያየት አያስፈልግም!»

እልልታው ቀለጠ። አቶ በዛብህ «ከበላይ የመጣ ሐሳብ እኮ ነው» ብለው በድምፅ ማጉያው አጉረመረሙ፤ ግን የወጣው እጅ ደን ይመስል ነበር። ጸደቀ። እትዬ ዘነበች ግን ቅር አላቸው፤ ሻንጣው መገኘቱን ሳይነግሩን ቀሩ።

ቀሪው ምርጫ ነው። ይህ በአምስት ደቂቃ ያልቃል አልኩ። የፕላንና የፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጠቁሙ ተባለ።

«ኃይሉ!» አሉ እትዬ ዘነበች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር የተጠቆመ ሰው ወዲያው እሺ ካለ ሥልጣን ወዳድ ነው። ጨዋ ሰው አንዴ አልችልም ይላል፤ ሁለተኛ ከእኔ የተሻለ አለ ይላል፤ ሦስተኛ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይመረጣል። ሥርዓቱ ያማረ ነው፤ ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው። የእውነት የማይፈልግ ሰው የሚናገርበት ቋንቋ አልተተወለትም።

«አልችልም» አልኩ።

ጭብጨባ።

«የምሬን ነው፤ አልችልም። ስብሰባ እጠላለሁ። ዛሬም የመጣሁት ለራሴ ጉዳይ ነው።»

«ግልጽነቱን አያችሁልኝ?» አሉ ጋሽ ከድር ለአዳራሹ። «ሌላው ቢሆን ለሕዝብ ብዬ ነው ይል ነበር።»

«ስሙኝ እባካችሁ! ሰነፍ ነኝ። ቀጠሮ እረሳለሁ። የራሴን ጋብቻ እንኳ ሁለት ጊዜ ያበላሸሁ ሰው ነኝ!»

አቶ በዛብህ ብድግ አሉ። «ግለ ሂስ!» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ። «ሳይጠየቅ ግለ ሂስ! ስንት ዓመት ስብሰባ መርቻለሁ፤ ይህን አላየሁም።»

ሌላ ጥቆማ ተጠየቀ፤ ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጋሽ ደምሴ አንገት ላይ ነው፤ ጋሽ ደምሴም እንቅልፍ ወስዶታል።

«እሺ!» አልኩ። «ተቀብያለሁ! ምረጡኝና ማኅተሙን ምቱልኝ!»

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰማሁ፤ «አዬ፣ ለካ ሥልጣን ይወዳል።»

ያም ሆኖ ተመረጥኩ። ወረቀቴን ይዤ ወደ መድረኩ ሮጥኩ። አቶ በዛብህ ከኪሳቸው ማኅተሙን አወጡ፣ ወረቀቱን አነበቡ፣ ከዚያም ማኅተሙን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«ያላገባ ነው እንዴ? ይሄማ ሦስት ምስክር ይፈልጋል።»

«ምስክር አላመጣሁም።»

«ምስክር!» አሉ በድምፅ ማጉያው ወደ አዳራሹ ዞረው። «አዲሱ ሰብሳቢያችን ያላገቡ መሆናቸውን የሚመሰክር ሦስት ሰው!»

አዳራሽ ሙሉ እጅ ወጣ። ሦስቱን ብቻ ቢመርጡ የቀረው ይቀየማል፤ አቶ በዛብህም ስብሰባ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ስለዚህ የሚያውቁትን አደረጉ።

«እንግዲያው ወደ ድምፅ እንሂድ። ከዚያ በፊት ጥያቄ ያለው?»

እኚያ ሽማግሌ ተነሱ። «አላገባም ሲባል በዚህ ቀበሌ ነው ወይስ በአጠቃላይ?»

«በአጠቃላይ!» አልኩ።

«ለጊዜው ነው ወይስ ሊቀጥሉበት ነው?» አለች አንዲት ከወደ ኋላ፤ ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ።

«እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው!»

«ያላገቡ መሆናቸውን የምትደግፉ» አሉ አቶ በዛብህ።

እጅ ወጣ። ተቆጠረ። ቆጠራው ተሳሳተና እንደገና ተቆጠረ።

«የምትቃወሙ?»

ማንም የለም። ሕይወቴ ተመለሰች።

«ድምፀ ተአቅቦ?»

አንድ እጅ ወጣ። የእትዬ ዘነበች።

«እትዬ!» አልኩ፤ «ምነው?»

«ኃይልዬ፣ ቅር አይበልህ። ግን በየማክሰኞው ሰሃን በጨርቅ ቋጥራ የምትመጣው ቀይ ሴት ማን ናት?»

«ሰናይት ናት! የማገባት እሷን እኮ ነው!»

«ስሟን አልጠየቅኩህም። ሰሃኑን ባዶ ይዛ ትመለሳለች። ድስት እንኳ ለሌለህ ሰው ወጥ የምታቀርብልህ ሴት እንግዳ ትባላለች? አልቃወምህም፤ ግን አግብቷልም አላገባምም ብዬ አልምልም። ነፍስ አለኝ።»

አዳራሹ በሁለት ተከፈለ። ወጥ ማምጣት ጋብቻ ነው አይደለም የሚል ውይይት ተነሳና ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ጋሽ ከድር «በወጥ ከሆነማ እኔን ሰፈሩ ሁሉ አግብቶኛል» ባሉ ጊዜ ነው ሳቁ የገላገለኝ። አቶ በዛብህ እስክሪብቶ አውጥተው ወረቀቱ ላይ በራሳቸው እጅ አንድ መስመር ጨመሩ፤ የደረቀ ማኅተማቸውን ሁለት ጊዜ በትንፋሻቸው አሙቀው መቱልኝ። የጨመሩትን ያነበብኩት ታክሲ ውስጥ ነው፤ «ከላይ የተጠቀሱት ግለሰብ ያላገቡ መሆናቸው በነዋሪው ጠቅላላ ጉባኤ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ይላል።

ኦሎምፒያ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰናይት አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶዋን ሳትነካ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«በአብላጫ ድምፅ?»

«አንድ ድምፀ ተአቅቦ አለ። በአንቺ ወጥ ምክንያት።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሽንት ቤቱ በቀር። እስከዚያ ድረስ እየሳቀች ነበር። ለነገ ልተወው ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ነገ ልትፈርምበት ያለው ቤት ያ ነው። ሳትፈርም ማወቅ አለባት።

«ሌላም አንድ ነገር አለ» አልኩ። «ስብሰባው እንዲያልቅ ብዬ… የሰፈሩ የጋራ ሽንት ቤት በራፌ ላይ እንዲቆፈር ፈቅጃለሁ። ጸድቋል።»

ሳቋ ቆመ። የመጣው አማርኛ ነው፤ ቀስ ያለው።

«ለአንዲት ማኅተም። ብለህ። በራፍህ ላይ። ሽንት ቤት።»

«በራፋችን ላይ» አልኩ፤ እርማት ሥራዬ ነውና አፌ አላረፈም።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የምትነሳ መሰለኝ። ማኪያቶው ቀዝቅዟል፤ በአንዴ ጠጣችው።

«ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ስታበላሽ ይህ ሰው አልፈለገኝም ብዬ ነበር» አለች። «የማይፈልግ ሰው እንዲህ አያብድም። መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

«በዚያው በኩል።»

«ይደፈናል» አለች። «ሌላ በጓሮ ትከፍታለህ። በእጅህ።»

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት መዝጋቢዋ ወረቀቱን አንስታ ብዙ አየችው። «በአብላጫ ድምፅ ማለት ምን ማለት ነው? የተቀሩት አግብቷል አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ወደ አለቃዋ ይዛው ገባች። ሰናይት እጄን ጨብጣ ስትጠብቅ ጥፍሯ ያረፈበት ቦታ እስከ ማታ ታየኝ። መዝጋቢዋ ስትመለስ «ማኅተሙ ትክክል ነው፤ ሌላውን አትጠይቂ ብለውኛል» አለች። ፈረምን። የሰናይት አጎት ነገሩ ሲገለጽላቸው «የሕዝብ ይሁንታ ያለው አማች ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው» ብለው ባርከውን ወደ መቀሌ ተመለሱ።

እንግዲህ ይህ ቀን ምን ለወጠ? መስኮቱን አንደኛ። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ መጻፍ አቆምኩ፤ ይህ ሁለተኛ ነው፣ አንባቢም ተገላገለ። ሽንት ቤቱ ተሠራ። በየማለዳው የሰፈሩ ሰው በራፌ ላይ ተሰልፎ «እንዴት አደራችሁ» ይለን ጀመር፤ ለችኮላው ስንል እኛም አጭር መልስ መስጠት ለመድን። ለዓመታት ስማቸውን የማላውቃቸውን ጎረቤቶች ያወቅኳቸው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ሰናይት ከሁሉም ጋር ተዋደደች፤ ከእትዬ ዘነበች ጋር ደግሞ ከሁሉም በላይ። እትዬ እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን አልቀየሩም። «ከማክሰኞው ጀምሮ ነው ያገባችሁት» ይሉን ነበር።

አንዳንዴ ሳስበው ይቆጠቁጠኛል። በሕይወቴ አስቤ፣ አንብቤ፣ ሌሊት ተቀምጬ የጻፍኩት ነገር የአንድ ሰው ሆድ ሕመም እንኳ አላስታገሰም። ሳላስብ፣ በችኮላና በራስ ወዳድነት የጮህኳቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን ለሰፈሩ ሽንት ቤት ሰጡት፤ የጉሊቷንም ክፍያ ያን ዓመት ባለበት አቆዩላት። ከዚህ የሚወጣውን ትምህርት ፈላስፎች ያውጡት፤ እኔ ልወደው አልቻልኩም። ሰፈሩ በኋላ ለልማት ተነስቶ ዛሬ በቦታው ፎቅ ቆሟል። በራፌ የነበረበት ቦታ ላይ የፎቁ መጸዳጃ ቤት ቢሆን አይገርመኝም።

ኮሚቴው ግን አልለቀቀኝም። ምርጫ በመጣ ቁጥር ተነስቼ «አልችልም» አልኩ፤ በመጣ ቁጥር ተጨበጨበ። ሰብሳቢ ሆኜ የቆየሁት ቀበሌው ራሱ ስሙ ተቀይሮ ወረዳ እስኪባል ድረስ ነው። አንድ ቀን «እችላለሁ፤ በጣም እፈልጋለሁ» ብል ይተዉኝ እንደነበር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንተ፣ ይህን የምታነብ ሰው፣ የሰፈርህ ስብሰባ ሲጠራ ሂድ፤ አትቅር። ግን አንዱ ተነስቶ «አልችልም» ሲልህ እመነው። እጅህን አውርድ።